ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ?
(10ኛ ክፍልን ለሚጨርሱ ወንድሞችና እኅቶች)



ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን ትጨርሳላችሁ። ክረምቱ አልፎ 11ኛ ክፍል ስትገቡ «ተፈጥሮ ሳይንስ ነው ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። መልሱ በአንድ መስመር የሚጻፍ ቢሆንም የብዙ ዓመት ኑሮ ይከተለዋል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ እኔ ራሴ ተሳስቼ አንድ ዓመት ስለ ከፈልሁበት ነው።

መቱ ላይ 10ኛ ክፍልን ስጨርስ በጂኦግራፊና በታሪክ ጥሩ ውጤት ነበረኝ፤ ፊዚክስን ግን የማልፈው በመከራ ነበር። ሆኖም አብሮ አደግ ጓደኛዬ ተፈጥሮ ሳይንስን ሲመርጥ ተከትዬው ገባሁ። «ማኅበራዊ የሰነፍ ነው» መባልንም ፈርቼ ነበር። አባቴ ደግሞ ሐኪም እንድሆንለት ይመኝ ስለ ነበር የልቤን ሳልነግረው ቀረሁ። ጓደኛዬ በረታ፤ እኔ ወደቅሁ። በሚቀጥለው ዓመት 11ኛ ክፍልን በማኅበራዊ ሳይንስ እንደ ገና ጀመርሁ። አባቴ አልተቆጣኝም። «ልጄ፣ እንደማይሆንልህ ለምን አልነገርኸኝም?» ብቻ አለኝ። ቡናውን ሸጦ ያስተማረኝ እርሱ ነውና ከመውደቄ ይልቅ ይህ ጥያቄ ከበደኝ።

እንግዲህ ምርጫው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ግን ለሁለቱም ናቸው። ስለዚህ ከሒሳብ ሸሽቶ ማኅበራዊ የገባ ተማሪ ሒሳብን እዚያም ያገኘዋል። ሕክምና፣ ነርስነት፣ ምሕንድስናና ግብርና በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ናቸው፤ ሕግ፣ አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ በማኅበራዊ በኩል። መምህርነት በሁለቱም በኩል አለ።

«ማኅበራዊ ቀላል ነው» የሚለውን ወሬ ቁጥሩ ያፈርሰዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች ከመቶ 6.8፣ ከማኅበራዊ ደግሞ ከመቶ 1.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ከሁለቱም ተደምሮ ያለፉት ከመቶ 8.4 ናቸው። ሳይደክሙ የሚያልፉበት በር በየትኛውም በኩል የለም።

የትኛው ይከበራል ለሚል ደግሞ የአገራችን ቡና ይመልስለት። የያዮ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የዱር ቡና የሚገኝበት ስለ ሆነ ነው። ያን ዘር ከበሽታ ለመጠበቅ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የተማረ ያስፈልጋል። ገበሬው የድካሙን ዋጋ እንዲያገኝ ግን ገበያንና ሕግን የሚያውቅ ልጅ ያስፈልገዋል። በቀድሞ ዘመን ቡናችን ከጎሬ በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ከዚያ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ እንደ ነበር የሚያስተምረን ደግሞ ታሪክ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ? ከደረሰብኝ የተማርሁት ይህ ነው።

1ኛ/ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤታችሁን ጎን ለጎን ጻፉ። አንድ ፈተና ሊያታልል ይችላል፤ ሁለት ዓመት ግን አያታልልም።

2ኛ/ ፈተና ሳይደርስ፣ ማንም ሳያዛችሁ የምትከፍቱት ደብተር የትኛው ነው? እርሱን ልብ በሉ።

3ኛ/ በሙያው ላይ ያለ ሰው ጠይቁ። ሆስፒታል ያለችውን ነርስ፣ የግብርና ባለሙያውን፣ ዳኛውን፣ መምህሩን «ቀንዎ እንዴት ይውላል?» በሉ። የሙያው ስም ብቻ ሥራውን አይነግራችሁምና።

4ኛ/ ከወላጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ ውጤታችሁን ይዛችሁ በአክብሮት ተነጋገሩ። እነርሱ የሚመኙት ዳቦአችሁን ነው እንጂ መከራችሁን አይደለም። ዝም ማለት ግን መታዘዝ አይደለም፤ እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው።

5ኛ/ ጓደኛን መውደድ መልካም ነው፤ መክሊቱን መበደር ግን አይቻልም። እኔና ጓደኛዬ ዛሬ የምንማረው በተለያየ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ክረምት ክረምት መቱ ስንገናኝ ግን ፍቅራችን እንዳለ ነው። ክፍል መለያየት ያን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም።

በመጨረሻም ትግሉ 12ኛ ክፍል ላይ እንደማያበቃ አትርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። የማይወዱትን ትምህርት እስከዚያ ድረስ መሸከም ከባድ ነው። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል። ቅጹ ገና በእጃችሁ አልገባም፤ ዛሬ ማታ ከአባታችሁና ከእናታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

አምላካችን ማስተዋሉን ያድለን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።