ትምህርት 12፦ ምክንያትን የሚያስረዳ ገላጭ ጽሑፍ

«ጥሩ ቫልቭ ገዝተህ ላክ።» ይህ ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤ ባለቤቱ በግሱ ውስጥ ተሰውሯል፤ ተሳቢና ማሰሪያ አንቀጽም አለው። ዳሩ ግን ከዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ከመለዋወጫ ሱቅ ፊት ለቆመ ሰው ምንም አይነግረውም። ሰውየው መካኒክ ካልሆነ በመልክ የሚመሳሰለውን ገዝቶ ይልካል፤ መኪናውም ቴስታታው እንደ ተፈታ ይከርማል። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ስታነቡ ምክንያትን ከውጤት ጋር የሚያያይዙትን ቃላት ልብ በሉ።

ምንባብ

እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ከተሠሩት የቤንዚን ላንድሮቨሮች የአንዱ ቴስታታ ሲፈታ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ምን ዓይነት ቫልቭ ልግዛ?» ሳይሆን «አሮጌው ለምን ተበላሸ?» የሚለው ነው። ዲንሾ 3000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ለአየሩ የማይመጥን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። በሚገባ ሳይቃጠል የቀረው ጥላሸት ይሆንና ቫልቩ ከመቀመጫው ጋር እንዳይገጥም ያደርገዋል፤ በክፍተቱ የሚያመልጠው ትኩስ ጋዝም ጠርዙን ይበላዋል። ካርቡራቶሩ ካልተስተካከለ አዲሱ ቫልቭ የአሮጌው ዕጣ ይደርስበታል። ከጎባ ወደ ደሎ መና ሲኬድ ከ4000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቴ ብርድ ላይ መኪና ቢቆም ምን ማለት እንደ ሆነ የባሌ ልጅ ያውቀዋል።

የአስገቢውና የአስወጪው ቫልቭ ሥራ አንድ አይደለም። አስገቢውን የሚያልፍበት አየርና ቤንዚን ያቀዘቅዘዋል። አስወጪው ግን በተቃጠለ ጋዝ ይለበለባል፤ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስተላልፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ባረፈበት ቅጽበት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ 1500 ጊዜ ስለሚከፈት ያ ቅጽበት እጅግ አጭር ነው። በመሆኑም ለአስወጪው ክሮምና ኒኬል ያለበት፣ ሙቀት የሚችል ብረት ይመረጣል። የብዙዎቹን እንዲህ ያሉ ቫልቮች ራስ ማግኔት አይስበውም፤ ይህንንም ሻጩ ቅር ቢለውም እሱ ፊት መፈተን ይቻላል።

ዱሮ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ መቀመጫውን ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ገደማ ስላቆሙት፣ መቀመጫው ከራሱ ከቴስታታው ብረት የተፈለፈለ ከሆነ ጠንካራ ቀለበት ይገባበታል። ቫልቩን ብቻ መቀየር ግማሽ ሥራ ነው።

ከማዘዝ በፊት የራሱ ስፋት፣ የዘንጉ ርዝመትና ውፍረት ይለካሉ፤ ውፍረቱ የሚለካው ባልተበላው በኩል ነው። የሚገጥምበት ፊት 45 ወይስ 30 ዲግሪ እንደ ሆነም ይጻፋል። የጎበጠ ዘንግ አይቃናም፤ ይጣላል።

ማብራሪያ

«አስገቢ» እና «አስወጪ» ከአስደራጊዎቹ ግሶች «አስገባ» እና «አስወጣ» የወጡ ስሞች ናቸው። በሁለተኛው ውስጥ «ጠ» ወደ «ጨ» እንደ ተለወጠ ተመልከቱ።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ምክንያትን ለማሳየት «ስለ» የገባባቸውን ግሶች አውጡና ውጤታቸውን ጻፉ።
2. «አስቀመጠ» እና «አስተኛ» ከሚሉት ግሶች ተመሳሳይ ስም አውጡ። በየትኛው ፊደል ይለወጣል?
3. በመግቢያው ያለውን ትእዛዝ መካኒክ ላልሆነ ዘመዳችሁ በ80 ቃላት እንደ ገና ጻፉለት። «ጥሩ» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ።