ቤተ ሰብ ማን ነው? ከመጠጥና ከሱስ ለሚያገግሙ ሰዎች በሰፈር መካከል ስለሚሰጥ መኖሪያ

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በጌርጌሴኖን አገር ሌጌዎን ያደረበትን ሰው በፈወሰው ጊዜ የሆነውን በማርቆስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ እናነባለን። ይህን ታሪክ ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንዘገየው በእሪያዎቹ መስጠም ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅመናል። ሰውየው በመቃብር መካከል ሲጮኽና ራሱን በድንጋይ ሲቧጭር የአገሩ ሰዎች ለምደውት ነበር፤ ልብሱን ለብሶ፥ ልቡ ተመልሶለት፥ ተቀምጦ ባዩት ጊዜ ግን ፈሩ። ፈዋሹንም ከአገራቸው እንዲሄድላቸው ለመኑት። የዳነው ሰው ከጌታ ጋራ ለመሄድ ቢለምን አልተፈቀደለትም፤ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ እንዲመለስ ታዘዘ እንጂ። እንግዲህ የፈውሱ ፍጻሜ ወደ ሰፈር መመለስ ነበረ፤ ሰፈሩ ግን ገና በፍርሃት ላይ ነበረ።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ በምናገለግልበት አጥቢያ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ሁለት መንገድ ርቆ በሚገኝ ጸጥተኛ ሰፈር፥ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ የሚያገግሙ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ከመኻል ከተማ ተዛውሮ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ ተሰማ። በእሑድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ የአቤቱታ ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚመጡ ሕፃናት በዚያ መንገድ እንደሚያልፉ፥ የቤቶችም ዋጋ እንደሚወርድ፥ ሌባም እንደሚበዛ ይናገራል። እኛም ግልገሎቹን የጠበቅን መስሎን ስማችንን ጻፍንበት። ቤቱ ግን ሕግ ፈቅዶለት ተከፈተ። ይህ ሕግ ምን ዓይነት ሕግ እንደ ሆነ መመርመር የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከመፈረማችን በፊት መመርመር ይገባን ነበር።

(ከዚህ በታች ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በዋሽንግተን ግዛት ከሲያትል በስተሰሜን በባሕር ዳር ኤድመንድስ የምትባል ከተማ አለች። በ1990 በዚያች ከተማ ለነጠላ ቤተ ሰብ መኖሪያ በተከለለ ሰፈር ውስጥ፥ ከ10 እስከ 12 ለሚደርሱ ከሱስ የሚያገግሙ ጐልማሶች ኦክስፎርድ ሃውስ የተባለ ቤት ተከፈተ። የከተማው ደንብ ግን ቤተ ሰብ ማለት በትውልድ ወይም በጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ የተዛመዱ ሰዎች ናቸው፤ ዝምድና የሌላቸው ከሆኑ ከ5 መብለጥ የለባቸውም ይል ነበር። ስለዚህ ከተማው የቤቱን ባለቤትና ከነዋሪዎቹ አንዱን በወንጀል ከሰሰ። ነዋሪዎቹ በዚያው ሰፈር እንዲቈዩ ቢለምኑም አልሆነላቸውም፤ በምትኩ እንደዚህ ያሉ ቤቶች ብዙ ሰው በሚኖርባቸው ሕንፃዎች ሰፈርና በንግድ ሰፈር እንዲፈቀዱ የሚል ደንብ ወጣ። በጎው ሥራ ይሠራ፥ ነገር ግን ከደጃችን ራቅ ይበል ማለት ነው። እኛም በወረቀቱ ላይ የፈረምነው ይህንኑ ነበር።

ነገሩ ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ሲወጣ ቈይቶ በግንቦት 1995 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተወሰነ፤ ዳኞቹም 6 ለ3 ተከፈሉ። በ1988 የተሻሻለው የመኖሪያ ቤት ሕግ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ከመኖሪያ ማግለልን ይከለክላል፤ ከሱስ የሚያገግሙትንም ይጠብቃል፤ ያልተፈቀደ ዕፅ መውሰዱን ያልተወውን ሰው ግን አይጨምርም። ነገር ግን በአንድ ቤት የሚኖሩትን ሰዎች ብዛት የሚወስን ደንብ በዚህ ሕግ አይሻርም፤ ከተማውም በዚህ ተከለለ። ዳኛዋ ሩት ቤደር ጊንስበርግ የጻፉት ፍርድ ደንቡን በዚህ መንገድ መረመረው፦ ዘመዳሞች ከሆኑ የፈለጉትን ያህል ቢበዙ የማይከለክል ደንብ ቤተ ሰብ ማን እንደ ሆነ የሚወስን እንጂ ብዛትን የሚወስን አይደለም። ስለዚህ ከተማው ከሕጉ ነጻ አይደለም ተባለ፤ ለቤቱ ምን ያህል ማመቻቸት እንደሚገባው ግን ለታችኛው ፍርድ ቤት ተተወ።

ክርክሩ ሁሉ ቤተ ሰብ ማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ መቆሙ ለእኛ ለክርስቲያኖች እንግዳ አይደለም። ጌታችን እናቱና ወንድሞቹ በውጭ ቆመዋል በተባለ ጊዜ የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚፈጽሙትን ሁሉ ቤተ ሰቡ አድርጎ ተናግሯል። መነኮሳት በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ በሥጋ የማይዛመዱ ሲሆኑ አባትና ወንድም ይባባላሉ። የኤድመንድስ ደንብ የሚመዘንበት ሚዛን ቢቀርብ፥ 12ቱ ሐዋርያት በዚያ ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተው መኖር አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ከመካከላቸው ሁለት ሁለት ወንድማማቾች መኖራቸውም ባላዳናቸው።

ስለ ቤቱ አኗኗር ደግሞ ጥቂት እንናገር። የኦክስፎርድ ቤቶች የተጀመሩት በ1975 በሜሪላንድ ግዛት፥ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ፖል ሞሎይ የተባሉ የሕግ ሰው፥ ራሳቸውም በመጠጥ የተጐዱ፥ ይኖሩበት የነበረ ማገገሚያ በገንዘብ እጥረት ሊዘጋ በሆነ ጊዜ ነዋሪዎቹ ቤቱን ራሳቸው ተከራይተው ያለ ሠራተኛ ሊያስተዳድሩት ተነሡ። ዛሬ በአሜሪካ ከ3000 የሚበልጡ እንደዚህ ያሉ ቤቶች አሉ። ሥርዓታቸው አጭር ነው፦ ኪራዩን ተካፍለው ይከፍላሉ፤ የቤቱን ነገር ሁሉ በድምፅ ይወስናሉ፤ ወደ መጠጥ ወይም ወደ ዕፅ የተመለሰ ግን ወዲያው ይወጣል። ይህን የመጨረሻውን ስናነብ ተገረምን። እኛ የፈራነውን እነርሱ ከእኛ ይልቅ ይፈሩታል፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ቢወድቅ ሌሎቹ በዚያው ጣሪያ ሥር ናቸው።

የሰፈሩ ነገር የሚነሣውም በዚህ ነው። ሰው ከሕክምና ቤት ሲወጣ መጠጡ ወደሚሸጥበት፥ የቀድሞ ባልንጀሮቹ ወደሚጠብቁበት ጎዳና ቢመለስ መድኃኒቱ በአንድ ሳምንት ይፈስሳል። በቺካጎ የዲፖል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሕክምና የወጡ 150 ሰዎችን ከሁለት ከፍለው፥ እኩሌቶቹ ወደ ኦክስፎርድ ቤት እንዲገቡ፥ እኩሌቶቹ እንደ ተለመደው እንዲሄዱ አድርገው በ2006 ውጤቱን አሳተሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሱስ የተመለሱት ከመጀመሪያዎቹ ከ100 ሰው 31 ያህሉ ሲሆኑ ከሁለተኞቹ 65 ያህሉ ነበሩ። እነዚሁ ሊቃውንት ጎረቤቶችንም ጠይቀው፥ ከቤቱ አጠገብ የሚኖሩት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ ለቤቱ በጎ አሳብ እንዳላቸው አገኙ። ፍርሃት በርቀት ይፋፋል ማለት ነው።

ነገር ግን ፍርሃቱን ሁሉ በክፋት አንቈጥረውም። በ2023 በአሪዞና ግዛት የማገገሚያ ቤት ነን ያሉ ብዙዎች፥ ይልቁንም ከአገሬው ነገዶች የሆኑትን ድሆች እየሰበሰቡ፥ ከመንግሥት የሕክምና ገንዘብ በተንኰል እንደ ወሰዱ ተገልጦ ክፍያቸው ታግዷል። እንግዲህ ጎረቤት ቤቱን ማን ያስተዳድረዋል፥ የወደቀው ወዴት ይሄዳል፥ በሌሊት ማንን እንጥራ ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይገባዋል። የአቤቱታው ወረቀት ግን ከእነዚህ አንዱን እንኳ አልጠየቀም፤ እንዳይመጡ ብቻ ለመነ።

ከአባቶቻችን ደግሞ የቀጰዶቅያውን ቅዱስ ባስልዮስን እናስብ። በሰካሮች ላይ የሰበከው ተግሣጽ እጅግ የመረረ ነው፤ በሽተኞችንና ለምጻሞችን ግን በክንዱ ያቀፈ እርሱ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድሆች፥ ለበሽተኞችና ለእንግዶች ትልቅ ማደሪያ ሠራ። ክስ ተነሥቶበት ኤልያስ ለሚባለው አገረ ገዥ ማንን በደልን የሚል ደብዳቤ ጽፏል። በሽተኞቹን ወደ ዳር ያወጣ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን ራሱ ከእነርሱ ጋራ ዘወትር ይገኝ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የከተማዪቱ መኻል በኋለኛው ዘመን ወደዚያ ማደሪያ ስፍራ ተሳበ፤ የዛሬዪቱ ካይሴሪ በዚያ ዙሪያ አደገች።

አሁን ካህናትን ስለ ገዛ ቤታችን እንጠይቅ። ከመጠጥ የሚያገግም ሰው በቅዱስ ቍርባን ምክንያት አይሰናከልም፤ ለመሥዋዕቱ የምናዘጋጀው ወይን ሳይቦካ በውኃ ከታሸ ዘቢብ የሚጨመቅ ነውና። ከቅዳሴው በኋላስ? በጽዋው፥ በዝክሩ፥ በተዝካሩ ጠላውና ጠጁ ይቀርባል፤ አልጠጣም ያለውን «አፈር ስሆን» እያልን እናስጨንቀዋለን፤ ዝም ካለ ኰራ ይባላል፤ ምክንያቱን ከተናገረ ወሬ ይሆንበታል። ሰፈሩን ከሰካር ለመጠበቅ የፈረምን ሰዎች በገዛ ማዕዳችን ሰውን ወደ ስካር ስንመልስ ማንም አቤቱታ አልጻፈብንም።

ቤቱ ከተከፈተ ከአንድ ዓመት በኋላ ከምእመናኑ አንዲት እናት ቀርበው ልጃቸው እንዲታሰብላቸው የክርስትና ስሙን ሰጡን። የት እንዳለ ብንጠይቅ በዚያው ቤት ነው አሉን። ሊጐበኙት ሲሄዱ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳያያቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው በኋላ መንገድ ይዞሩ ነበር። ስማችን በወረቀቱ ላይ እንዳለ አያውቁም ነበር፤ እኛም በዚያን ቀን አልነገርናቸውም። በሳምንቱ አብረናቸው በፊት ለፊቱ መንገድ ሄድን። በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሥራ ተራ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ የዚያን ዕለት ዕቃ የማጠቡ ተራ የልጁ ስለ ነበረ እጁን አደራርቆ መስቀል ተሳለመ። በዚያም በእናቱ ፊት ስለ ፊርማችን ነገርነው። «አባታችን፥ እኔም በዚያን ጊዜ ብሆን እፈርም ነበር» አለን።

የሚመጣው የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ተረኛ እናቲቱ ናቸው። ጠላ ባይጠመቅ ማኅበርተኛው ቅር ይለው እንደ ሆነ ጠየቁን፤ ቅር ቢለውም እኛ እንናገራለን አልናቸው። ብርዙን ልጃቸው ያዘጋጃል፤ ወረቀቱን ያመጡት ሽማግሌም ማሩን ሊያመጡ ቃል ገብተዋል።