ጋዙ ቁልቁል ይወርዳል

የካ ተዳፋት ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ በየት በኩል እንደሚሄድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያመለጠ ክሎሪንም የሚይዘው ያንኑ መንገድ ነው። ከአየር ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳልና። የማብሰያ ጋዝም እንዲሁ ከአየር ይከብዳል። በኮተቤ፣ በላምበረት ወይም በፈረንሳይ ጋራዥ፣ ላውንደሪ፣ የቀለም መጋዘን ወይም አነስተኛ ፋብሪካ ካላችሁ ዝግጅቱን ከግቢያችሁ አቀማመጥ ጀምሩ።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። እያንዳንዱን በርሜል፣ ጀሪካንና ሲሊንደር በስም፣ በመጠንና በቦታ መዝግቡ። ከሻጩ የደህንነት መረጃ ሰነዱን ተቀበሉ፤ ከ16ቱ ክፍሎች 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 5ኛውንና 6ኛውን ሠራተኛው ሁሉ ሊያውቃቸው ይገባል፤ ስለ አደጋው ዓይነት፣ ስለ መጀመሪያ እርዳታ፣ ስለ እሳትና ስለ መፍሰስ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ኬሚካል ወደ ሃይላንድ የውኃ ጠርሙስ አትገልብጡ። ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።

ቀጥሎ የማይስማሙትን ለዩ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ይወጣል፤ ለዚህ ፋብሪካ አያስፈልግም፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ይበቃል። የባትሪ አሲድ የምታቀጥኑ፣ አሲዱን ወደ ውኃው ጨምሩ እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ። መዝግቦ መተው ግን ምንም አይጠቅምም። ብዙ እህቶቻችን በሚኖሩባት ቤይሩት ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የፈነዳው 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት ወደቡ ላይ ተከማችቶ ነበር። ባለሥልጣናቱ ያውቁ ነበር፤ የሚያነሳው ግን ጠፋ።

በበርሜሎቹ ዙሪያ ዝቅ ያለ ግንብ ሥሩ፤ የትልቁን በርሜል ይዘትና 10 በመቶ ጨምሮ ይያዝ። ወደ ቦይ የገባ ኬሚካል በቀበና ወይም በሌላ ወንዝ አድርጎ ትልቁ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ በዚያ ውኃ የሚለማውን ጎመን ደግሞ የምንበላው እኛው ነን።

ነፋሱ እንዲታይ ጣሪያው ላይ ጨርቅ ስቀሉ፤ በተለያየ አቅጣጫ ሁለት መሰብሰቢያ ቦታዎችን ምረጡ። በተረጋጋ ሌሊት ከተራራው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ከባድ ጋዝን ወደ ሸለቆው ይዞት ይወርዳል፤ ስለዚህ ልምምዱ የሌሊት ፈረቃውን አይዝለል።

ጋዝ ካመለጠ ደወሉን ምቱና ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ። ነፋሱ ወደ ዳገቱ የሚነፍስ ከሆነ በጎን በኩል ከጋዙ መንገድ ውጡ። ወደ ወንዝ አትውረዱ። ከዚያ ወደ እሳትና አደጋ መከላከል በ939 ደውሉ፤ ቦታውን፣ የኬሚካሉን ስምና የተጎዳ ሰው መኖሩን ተናገሩ። ቦቴ ከሆነ ብርቱካናማው ሰሌዳ ላይ የታችኛውን ቁጥር ከሩቅ አንብቡ፤ 1203 ቤንዚን፣ 1202 ናፍጣ፣ 1017 ክሎሪን ነው።

ጓደኛችሁ ጉድጓድ ወይም ታንከር ውስጥ ቢወድቅ ተከትላችሁ አትግቡ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ግን የአፍ ጨርቅ ጋዝ አያግድም፣ የሚከተለውም እዚያው ይወድቃል። የአየር ሲሊንደር ያለው የእሳት አደጋ ሠራተኛ እስኪደርስ ጠብቁ።

ኬሚካል የነካው ሰው ልብሱን ያውልቅ፤ ዓይኑንም ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ እጠቡለት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆናችሁ የክሎሪን ደመና ውጭ ከደረሰ አትውጡ፤ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥታችሁ በርና መስኮት ዝጉ፤ ክፍተቱን በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ፤ አደጋ መከላከል ውጡ እስኪል ቆዩ።