እሾህን በእሾህ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ለጥያቄዎቹ መልስ ስጡ።

ጅቡቲ ለእርሻ የሚሆን መሬቷ እጅግ ጠባብ ነው። በካርቲየ 5 የሚኖር ቤተሰብ ለማዕዱ የሚያቀርበው ምግብ አብዛኛው በሌላ አገር ገበሬ ላብ የተመረተ ነው። ስለዚህም የሰብል ተባይ የገበሬው መከራ ብቻ ሳይሆን የከተሜውም ጭምር ነው።

በጎረቤት አገር በኢትዮጵያ መጤ ተምች የተባለው አባጨጓሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2017) ነበር። የዚህ ተባይ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃው በቆሎን ነው። በተክሉ እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚበላ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። ገበሬዎች ተባዩን በእጃቸው እየለቀሙ ገደሉ፤ መድኃኒትም ረጩ። ይሁን እንጂ መርዝ ጠላትንና ወዳጅን ለይቶ አያውቅም።

ከገበሬው ወዳጆች አንዷ ጥገኛ ተርብ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፣ ከተሰበሰቡት አባጨጓሬዎች መካከል እንደየቦታው ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት ኮቴሲያ ኢሲፔ በተባለች ደቃቅ ተርብ የተጠቁ ሆነው ተገኙ። ተርቧ አባጨጓሬውን ወግታ እንቁላሏን በአካሉ ውስጥ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ አባጨጓሬውን ከውስጥ እየተመገበ ያድግና ሰንጥቆ ይወጣል፤ አባጨጓሬውም ይሞታል።

ሁለተኛው ወዳጅ ባኩሎቫይረስ የሚባለው የነፍሳት ቫይረስ ነው። አባጨጓሬው ቫይረሱ ያረፈበትን ቅጠል ሲበላ ይታመማል፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ይሞታል። ሬሳው ወደ ፈሳሽነት ተለውጦ በቅጠሎች ላይ ሲንጠባጠብ በሽታው ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። ይህ ቫይረስ ሰውን፣ ከብትንና ንብን አይጎዳም። የፀሐይ ጨረር ስለሚያመክነው ግን የሚረጨው ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል።

ታዲያ ሁለቱን ወዳጆች በአንድ ማሳ ማሰማራት ይቻላልን? ይቻላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። ቫይረሱ አባጨጓሬውን ቀድሞ ከገደለው በውስጡ ያለው የተርብ እጭም አብሮ ይሞታል። በአንጻሩ ደግሞ ተርቧ የታመመውን ወግታ ጤነኛውን ስትወጋ ቫይረሱን ልታስተላልፍ ትችላለች። እንግዲህ ሁለቱ የሚረዳዱት ወይም የሚጠፋፉት እንደ ጊዜው አመራረጥ ነው።

የሁለቱ ኅብረት ፍሬ በካናዳ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከአውሮፓ የገባ ቅጠል በል ተባይ ደኖችን ባጠፋ ጊዜ፣ ጥገኛ ነፍሳት ከዚያው ከአውሮፓ ተወስደው ተለቀቁ። ከእነርሱ ጋር ሳይታሰብ እንደገባ የሚገመት ቫይረስ ተባዩን ፈጀው። ከዚያ ወዲህ ጥገኞቹና ቫይረሱ ተባብረው የተባዩን ቁጥር ዝቅተኛ አድርገው ያዙት።

አበው «እሾህን በእሾህ» ይላሉ። ሆኖም እሾህ የሚያወጣ ሰው እጁ የረጋ መሆን አለበት፤ ተባይን በጠላቱ የሚዋጋም እንዲሁ ጊዜውን አውቆ መሥራት ይገባዋል።

የምንባብ ጥያቄዎች

1. የሰብል ተባይ ለከተሜውም መከራ የሆነው ለምንድን ነው?
2. ቫይረስ በተረጨበት ማሳ ጥገኛ ተርብ የምትጎዳው እንዴት ነው? የምትረዳውስ?
3. «መርዝ ጠላትንና ወዳጅን ለይቶ አያውቅም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።