የካሜራ ፈርምዌር በጥንቃቄ እንዴት ይታደሳል?

የቴክኖሎጂ ዓምድ

በዛሬው ዓምዳችን ስለ ዲጂታል ካሜራ ፈርምዌር እንማራለን። ክበባችን ያለው ካሜራ አንድ ብቻ ነው። የወላጆች ቀንም የ8ኛ ክፍል ምረቃም የሚነሳው በእሱ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን በደንብ ያዙት።

ፈርምዌር ምንድን ነው?

ዲጂታል ካሜራ ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር አለው። ቁልፉን ስንጫን ፎቶ እንዲያነሳና ካርድ ላይ እንዲያስቀምጥ የሚያዘው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። የሚኖረው ሚሞሪ ካርዱ ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ በተገጠመ ቺፕ ላይ ነው። ካርዱን ብናወጣውም ፈርምዌሩ አብሮ አይወጣም።

ለምን ይታደሳል?

አምራቹ ስህተት ሲያገኝ ያርማል፤ አንዳንዴም አዲስ ሥራ ይጨምራል። ለምሳሌ ካነን 5ዲ ማርክ 2 በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ቪዲዮ የሚቀርጸው በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ ፈርምዌር 24 እና 25 ፍሬም ተጨመረለት። ካሜራው ያው ነው፤ ሥራው ግን ጨመረ! ሆኖም መጀመሪያ የወጣው ቁጥር 2.0.3 የድምፅ ቀረጻ ችግር ስለተገኘበት ኩባንያው አንስቶ በ2.0.4 ተካው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? አዲስ በወጣበት ቀን መሮጥ አያስፈልግም። ካሜራው ደህና ከሆነና አዲሱ ነገር ካላስፈለገን ጭራሽ ባይነካም ይችላል።

አደጋው የት ላይ ነው?

ፈርምዌር ሲታደስ አሮጌው ይጠፋና አዲሱ በቦታው ይጻፋል። በመሃል ኃይል ከተቋረጠ አሮጌውም የለም፣ አዲሱም አላለቀም። ሰሌዳው ተጠርጎ አዲሱ ትምህርት ሳይጻፍ ጠመኔ እንዳለቀ ማለት ነው። ያኔ ካሜራው ከነጭራሹ ላይበራ ይችላል፤ ጥገና ቤት መውሰድ ግድ ይሆናል።

በቅደም ተከተል ምን እናድርግ?

1. የክበቡ ተጠሪ መምህር ሳይኖሩ አንጀምርም።
2. የካሜራውን ሞዴል በትክክል እናንብብ። 700ዲ እና 750ዲ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አሁን ያለውን የፈርምዌር ቁጥርም ከሜኑ አይተን ደብተር ላይ እንጻፍ።
3. ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ እናውርድ፤ መመሪያውንም እዚያው እናንብብ። ጓደኛ በቴሌግራም የላከልንን ፋይል አንጠቀምም።
4. ካርዱ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ እንገልብጥ። ከዚያ ካርዱን ካሜራው ላይ ፎርማት እናድርግ። ልብ በሉ፣ ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል!
5. የወረደው ፋይል ዚፕ ከሆነ ከፍተን እናውጣው። ካነንና ኒከን ላይ ፋይሉ ካርዱ ውስጥ በቀጥታ ይቀመጣል፤ ፎልደር ውስጥ ከከተትነው ካሜራው አያገኘውም።
6. ባትሪው ሙሉ ይሁን። ግማሽ ባትሪ «ይበቃል» አይባልም።
7. ካርዱን አስገብተን ሜኑ ውስጥ ፈርምዌር የሚለውን መርጠን እንጀምር። ካሜራው «ጨረስኩ» እስኪል ድረስ ቁልፍ መጫን፣ ማጥፋት፣ የባትሪ ወይም የካርድ ክዳን መክፈት ክልክል ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ብቻ!
8. ሲያልቅ ካሜራውን አጥፍተን እናብራ፤ ቁጥሩ መለወጡን እንይ። ፎቶና ቪዲዮ ከነድምፁ እንሞክር። መጨረሻ ላይ ካርዱን እንደገና ፎርማት እናድርግ።

መብራት ቢሄድስ?

በካርድ የሚታደስ ካሜራ የሚሠራው በራሱ ባትሪ ስለሆነ መብራት ቢሄድም አይቋረጥም። አንዳንድ ካሜራዎች ግን፣ ለምሳሌ የቆዩ የሶኒ ሞዴሎች፣ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዘው ነው የሚታደሱት። ያኔ መብራት ሄዶ ዴስክቶፑ ቢጠፋ ሥራው በመሃል ይቆማል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ቻርጅ የሞላ ላፕቶፕ ይሻላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. ፈርምዌር የሚቀመጠው የት ነው?
ለ. ፎርማት ከማድረጋችን በፊት ምን እናደርጋለን?
ሐ. መብራት ሲሄድ በካርድ የሚታደሰው ለምን አይቋረጥም?

መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ በክበቡ ሣጥን ውስጥ ጨምሩ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ መልካም ጥናት!