መጀመሪያ ጽሑፉ፣ ከዚያ አበባው

መቀሱን ለጊዜው አስቀምጪው፣ የኔ ቆንጆ። ወረቀቱን ከመንካትሽ በፊት ይሄ የእንቁጣጣሽ ካርድ ለማን እንደሆነ ንገሪኝ። ለአያታችን? እንግዲያው ከአበባው በፊት የሚጻፈውን እናስብ። ብዙ ሰው ጊዜውን ሁሉ ጌጡ ላይ ይጨርስና፣ ውስጡን ገልጦ መጻፍ ሲደርስ ቃልም ቦታም ያጥረዋል። «መልካም አዲስ ዓመት» ይልና ስሙን ጽፎ ያልፋል። ይሄንንማ ከሱቅ የተገዛውም ካርድ ይለዋል። በእጅሽ ከሠራሽው አይቀር፣ ካንቺ በቀር ማንም ሊጽፈው የማይችል አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጡ ይኑር።

ደብተርሽ ጀርባ ላይ ሞክሪው። ለእሳቸው ስለሆነ በወጉ ጀምሪ፦ «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አደረሰዎ»። መጪው 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በመጨረሻው ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበት ዓመት። አያታችን ዘመኑ በስሙ ሲጠራ ደስ ይላቸዋል። ቀጥለሽ በእሳቸውና ባንቺ መካከል ያለ አንድ ነገር ጨምሪ። ክረምቱን ማታ ማታ ተረት ሲነግሩሽ አልነበር? የትኛውን ተረት ለጓደኞችሽ እንደነገርሽና እነሱ ምን እንዳሉ ጻፊላቸው። ሁለት መስመር ይበቃል። ከዚያ ዕድሜና ጤና ተመኚላቸው፣ አለቀ። ፊደሉን ጎላ አድርገሽ፣ በጥቁር እስክሪብቶ። ወርቃማው ቀለም እንደሚያምርሽ አውቃለሁ፤ የእሳቸው ዓይን ግን አያነበውም፣ ካላነበቡት ደግሞ ምን ዋጋ አለው?

አሁን ወደ ወረቀቱ። ለፎቶ ኮፒ የምንጠቀምበት ባለ 80 ግራም ወረቀት ስስ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ አይቆምልሽም። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ 200 ግራም አካባቢ የሆነ ነጭ ወፍራም ወረቀት ጠይቂ። ኤ4 ከሆነ 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ረጅሙን ጎን እኩል ከፍለሽ ለሁለት ቁረጪውና እያንዳንዱን ግማሽ እጠፊው። ሁለት ካርድ ይወጣሻል፣ እያንዳንዱ 105 በ148።

ግን ከመቁረጥሽ በፊት ወረቀቱን በቁመቱም በወርዱም ቀስ አድርገሽ አጉብጠሽ እዪው። በአንደኛው በኩል እሺ ይልሻል፣ በሌላው በኩል ይገፋሻል፣ አይደል? ወረቀት ሲሠራ ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚተኛ ነው። የካርዱ እጥፋት እሺ ባለሽ በኩል እንዲውል አድርጊ። ቃጫውን አቋርጠሽ ካጠፍሽው ጫፉ ይሰነጣጠቃል። በጣትሽም ዝም ብለሽ አትጠፊው፤ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ወስደሽ ማስመሪያውን ተደግፈሽ ጫን ብለሽ አንድ መስመር ሳቢ፣ ከዚያ እጠፊ። ቀጥ ብሎ ይታጠፍልሻል። እንደታጠፈም ጽሑፉን ውስጡ ገልብጪው። ቀለም ቢፈስ ወይም ፊደል ብትስቺ የሚጠፋው ባዶ ወረቀት ብቻ ነው፤ አበባው ከተለጠፈ በኋላ ቢሆን ግን ድካምሽ ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

የስጦታ መጠቅለያዎቹን ሁሉ ደርድረሻቸዋል፤ ያማሩ ናቸው፣ ግን አንዱን ብቻ ምረጪ። ነጠላ የሚያምረው ጥለቱ ጠርዙ ላይ ብቻ ስለሆነና የቀረው ነጭ ስለሆነ ነው። ካርዱም ላይ ከታች በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ አንድ መስመር ዝንጉርጉር ወረቀት አስቀምጪና ሌላውን ተዪው። ሥዕሉ ደቃቅ የሆነውን ውሰጂ፤ ትልልቁ አበባ ሲቆረጥ ምን እንደነበረ አይታወቅም። ብልጭልጩንም ተዪው፣ እየረገፈ ሰው እጅና ልብስ ላይ ይቀራል።

ኮላውን በጣም አታብዢው። ውሃ አለው፤ ወረቀቱ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ካርዱንም አብሮ ያጎብጠዋል። ስቲክ ሙጫ ካለሽ እሱ ይሻላል። ኮላ ብቻ ከሆነ ያለሽ፣ በቁራጭ ካርቶን ስስ አድርገሽ የዝንጉርጉሩን ጀርባ ቀቢው፣ ለጥፊ፣ ከዚያ ንጹሕ ወረቀት ጣል አድርገሽበት ከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሪው።

አደይ አበባዋን ነገ ትለጥፊያታለሽ። ልጆች ሲስሏት ብዙ ጊዜ አምስት ቅጠል ይሰጧታል፤ የአደይ ቅጠሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ናቸው። ነሐሴ ስለሆነ ገና በደንብ አልፈካችም፣ የአምናውን ፎቶ ከስልክሽ አውጥተሽ ቁጠሪ። ስምንቱን ለማውጣት መሳል እንኳ አያስፈልግሽም። ከቢጫው ወረቀት 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክብ ቁረጪ። ለሁለት እጠፊው፣ ደግመሽ ለሁለት፣ ለሦስተኛ ጊዜም ለሁለት። አሁን ሹል ሆነ አይደል? ሹሉን ያዢውና ሰፊውን ጫፍ ሞላላ አድርገሽ ቁረጪው፤ ግን ወደ ሹሉ በጣም አትግቢ፣ ቅጠሎቹ ተለያይተው ይረግፉብሻል። ግለጪው፤ ስምንት። መሃሉ ላይ ጠቆር ካለ ቢጫ ትንሽ ክብ ለጥፊ። ካርዱ ላይ ስታስቀምጫት መሃሏን ብቻ ሙጫ ቀቢ፣ ቅጠሎቹን በእርሳስ ጠቅለል እያደረግሽ ቀና አድርጊያቸው።

ወንዶቹ ልጆች በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሥዕል ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ ታያለሽ። አሁን አሁን የታተመውን ገዝቶ የሚያድለው በዝቷል፤ አንዳንዱ ግን እስከ ዛሬ በእጁ ይስላል፣ ከርቀት ያስታውቃል፣ የቤቱ ሰውም ረዘም አድርጎ ያየዋል። አያታችንም ካርድሽን እንዲያ ገልጠው እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ሁለተኛውን ካርድ አሜሪካ ላለችው አክስታችን እናድርገው። ለእሷ አበባዋን ሙሉ በሙሉ አጣብቂያት፣ ቀና ያለው ቅጠል ፖስታ ውስጥ ይጨፈለቃል። የምትጽፊላትም ሌላ ይሁን፤ የአያታችንን ቃል አትገልብጪላት። ስለ ሠፈሩ ጻፊላት፣ ከሄደች ወዲህ ምን እንደተሠራ፣ ማን እንደወለደ። ሲ6 የሚባለው ፖስታ 114 በ162 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ካርዱ በልኩ ይገባል። አድራሻዋን በላቲን ፊደል፣ ከላኪው በኩል ደግሞ የእኛን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጻፊበት። መንገዱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ጳጉሜን እስክትገባ አትጠብቂ፤ የሷን ነገ ጨርሺና ከነገ ወዲያ ጠዋት አብረን ፖስታ ቤት እንወስደዋለን።