ከኢንቹ በፊት ሊትሩ

ለመኪናው ሰብዉፈር ሊገዛ የተነሣ ሰው ባለሱቁን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ይሻለኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መልሱ የሚገኘው ስለ አየሩ፣ ስለ ሳጥኑና ስለ ኤሌክትሪኩ ከታወቀ በኋላ ነው። በዚህ ትምህርት እነዚህን በየተራ እንመለከታለን፤ የኢንቹን ምርጫ መጨረሻ ላይ እንደርስበታለን።

አስቀድመን ሰብዉፈር ምን እንደሆነ እንወቅ። ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። አየሩ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የምንለካበት መስፈሪያ ሄርዝ ይባላል። የሰው ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ይሰማል። ሰብዉፈር ከዚህ ውስጥ የታችኛውን ጫፍ፣ በተለምዶ ከ20 እስከ 80 ሄርዝ ያለውን ወፍራም ድምፅ፣ ብቻ እንዲያወጣ የተሠራ ስፒከር ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ገደማ ስለሚሰጥ የሰብዉፈር ድርሻ ነው። ዋሽንትና ማሲንቆ ግን ከዚህ ወሰን በላይ ናቸው፤ እነርሱን የሚያሰሙት የበር ስፒከሮች ናቸው። ስለዚህ ማሲንቆው አልጠራ ያለው ሰው ሰብዉፈር ቢጨምር ችግሩ አይፈታለትም።

ቀጥሎ ኢንች ምን እንደሚለካ እንይ። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ነው። በስፒከር ላይ ሲጻፍ የክቡን ፊት ከዳር እስከ ዳር ያለውን ርዝመት፣ ማለትም ዲያሜትሩን፣ ያመለክታል። ገበያ ላይ የተለመዱት 8፣ 10፣ 12 እና 15 ኢንች ናቸው። ወደፊትና ወደኋላ እየተንቀሳቀሰ አየሩን የሚገፋው ሾጣጣ ክፍል ደግሞ ኮን ይባላል። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ልዩነት አለ። አየር የሚገፋው የኮኑ ስፋት ነው፤ ስፋት ደግሞ የሚያድገው በዲያሜትሩ ልክ ሳይሆን ዲያሜትሩ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። 10 በ10 ሲባዛ 100፣ 12 በ12 ሲባዛ 144፣ 15 በ15 ሲባዛ 225 ይሆናል። ከ10 ወደ 12 ስንወጣ የጨመርነው 2 ኢንች ብቻ ይመስላል እንጂ ስፋቱ 44 በመቶ አድጓል። ሁለት ባለ10 ስፒከሮች ተደምረው 200 ስለሚሆኑ አንድ ባለ12ን ይበልጣሉ፤ ለአንድ ባለ15ም ይቀርባሉ።

ስፋት ብቻውን ግን አይበቃም። ኮኑ ሳይዛባ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደውን ርቀት ጉዞ ብለን እንጥራው። የሚገፋው የአየር መጠን ስፋቱ በጉዞው ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ስለዚህ ረጅም ጉዞ ያለው ባለ10፣ አጭር ጉዞ ካለው ባለ12 የበለጠ አየር ሊገፋ ይችላል። ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ድምፁ በወፈረ ቁጥር የሚጠይቀው አየር እጅግ ስለሚጨምር ነው። በ80 ሄርዝ የሰማነውን ያህል ኃይል በ40 ሄርዝም ለመስማት አራት እጥፍ አየር መገፋት አለበት። ትልቅ ስፒከር የሚፈለግበት ትክክለኛው ምክንያት ይህ ነው።

እስካሁን ያየነውን እንሰብስብ፦ ሰብዉፈር ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል፤ ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ የአየሩን መጠን የሚወስኑት የኮኑ ስፋትና ጉዞ ናቸው። አሁን ወደ ሳጥኑ እንለፍ።

የኮኑ ፊት አየሩን ሲገፋ ጀርባው ይስባል። ሁለቱ ከተገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ ሳጥን የሚሠራው ፊትና ጀርባውን ለመለየት ነው። ሳጥኑ ሌላም ሥራ አለው። የብስክሌት ፓምፕን አፍ በጣት ደፍነን ስንጫን አየሩ መልሶ እንደሚገፋን፣ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ያለው አየርም ኮኑን ይመልሰዋል። ሳጥኑ ለስፒከሩ ከጠበበ ይህ ግፊት ይበረታና ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጆሮ የሚያታክት ጩኸት ነው። ያለቦታው የተጨናነቀ ባለ15፣ በልኩ ከተቀመጠ ባለ10 የሚያንሰው ለዚህ ነው።

ልኩ የሚነገረው በሊትር ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከስፒከሩ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ለግምት ያህል ግን ለዝግ ሳጥን ባለ10 ወደ 20 ሊትር፣ ባለ12 ወደ 30 ሊትር፣ ባለ15 ከ50 ሊትር በላይ ይፈልጋል። የአየር ቀዳዳ ያለው ሳጥን በዚያው የኤሌክትሪክ ኃይል (ዋት) የበለጠ ይጮኻል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከዝጉ ሳጥን እጥፍ ያህል ቦታ ይወስዳል፣ ለአሠራር ስሕተትም አይታገሥም። ሊትሩን ማስላት ቀላል ነው፦ የሳጥኑን የውስጥ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲሜትር አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው። 40 በ30 በ18 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን 21.6 ሊትር ይይዛል። ስፒከሩ ራሱ ከዚህ ላይ የተወሰነ ቦታ ስለሚይዝ ለባለ10 ልክ ይሆናል።

መኪናው ራሱም ይረዳናል። የ40 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ቪትዝ የምትባለው ትንሽ መኪና ግን ጠቅላላ ርዝመቷ 4 ሜትር አይሞላም። ሞገዱ ከክፍሉ ሲበልጥ በተዘጋው መኪና ውስጥ ያለው አየር አንድ ላይ ይጨመቃል፤ ወፍራሙም ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማል። ለአዳራሽ የሚያንስ ስፒከር ለመኪና የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ባጭሩ እንናገር። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ስፒከሩ ለቅጽበት የሚችለው ነው፤ መታየት ያለበት አርኤምኤስ የሚባለው፣ ሳያቋርጥ የሚችለው ዋት ነው። ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ አምፕሊፋየር ይባላል፤ 300 ዋት አርኤምኤስ የሚሰጥ ጥሩ አምፕሊፋየር በሙሉ ኃይሉ 27 አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ከመኪናው ይወስዳል፤ የ1,000 ዋቱ 90 አምፔር ይጠጋል። የብዙ ትናንሽ መኪኖች ዲናሞ ጠቅላላ አቅም ደግሞ ከ100 አምፔር በታች ነው። የፊት መብራቱ ከወፍራሙ ድምፅ (ከቤዙ) ጋር አብሮ የሚፈዝ ከሆነ ሒሳቡ አልገጠመም ማለት ነው።

አንድ የተሳሳተ አባባልም እናርም። «ትንሹ ፈጣን ነው፤ ትልቁ ይዘገያል» ሲባል ይሰማል። 50 ሄርዝ ማለት በሰከንድ 50 ጊዜ ነው፤ ባለ8ም ባለ15ም ያንኑ 50 ይመታሉ። ዘገየ የሚባለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሳጥኑ ልኩን ከመሳቱ ነው።

አሁን ወደ ኢንቹ እንመለስ። ለቪትዝና ለመሰሎቿ አንድ ባለ10 በዝግ ሳጥን፣ ከ250 እስከ 300 ዋት አርኤምኤስ በሚሰጥ አምፕሊፋየር፣ ከበቂ በላይ ነው። የኋላ ዕቃ መጫኛው ሰፊ ለሆነ ኮሮላ፣ በተለይ ሬጌና ሂፕሆፕ ለሚወድ ሰው፣ አንድ ባለ12 ይመከራል። ባለ15ን የዕቃ መጫኛውን ለሙዚቃ ለመስጠት ለወሰነ ሰው እንተውለት። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ቦታውን ለኩ፤ ስኮርታ ጎማው የሚወጣበትን አትርሱ። ሳጥን ሠሪውንም ስንት ሊትር እንደሚሠራላችሁ ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ወደ ሌላ ሂዱ።